የአያ ምትኩ ቀይ ድንች

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። የሥራ ስሕተት እንጂ ኃጢአት አይደለም እያልሁ ራሴን ስሸነግል ቆይቻለሁ። ኃጢአት ነው።

ደብረ ታቦር የኮምፒውተር መምህር ሆኜ በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ለጋፋት የድንች ዘር አምራቾች ድረ ገጽ ሠራሁ። እነሱ አልጠየቁኝም፤ እኔ ነኝ የለመንኋቸው። «ዘር ፈላጊ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ እናንተን ያገኛል» አልኋቸው። አያ ምትኩ ለዓመታት ከማሳቸው ጤነኛውን እየለቀሙ ያቆዩት ቀይ ድንች ነበራቸው። በእኔ ቃል ለነጋዴ ሳይሰጡ አስቀመጡት።

ገጹ ያምር ነበር። ጎብኚው ወረዳውን መርጦ ቁልፉን ሲጫን የአምራቾቹ ስም ተንሸራትቶ ይመጣል። ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው። የፍለጋ ፕሮግራም ገጹን ሲከፍት ያገኘውን ጽሑፍ ይመዘግባል እንጂ እንደ ሰው ቁልፍ አይጫንም። ስለዚህ ያየው ርእሱንና ባዶ ሳጥን ነው። ስሞቹን ከመጀመሪያው ገጹ ላይ ጽፌ፣ ለእያንዳንዱ አምራች የራሱን ገጽ መክፈት ነበረብኝ።

መቼ አወቅሁ? በወሩ፣ የአያ ምትኩን ስም ፈልጌ ሳጣው። ታዲያ ለምን ዝም አልሁ? መምህራኑ ፊት አሳይቼው ተጨብጭቦልኝ ነበራ!

አያ ምትኩ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ትምህርት ቤት ብቅ ይሉ ነበር። «መምህር፣ ያ ፈላጊህ ጋፋትን ዘሎ ነው እንዴ የሚያልፈው?» ብለው ይስቃሉ። በመጨረሻው ቅዳሜ አልሳቁም። ዘሩ ጎንቁሎ መጨማደድ ጀምሯል።

«እውነቱን ንገረኝ ልጄ፣ ዘሬ ተንቆ ነው?»

«ሳይሆን አይቀርም፣ አያ። ሰው አሁን አዲሱን ዝርያ ነው የሚፈልገው።»

እኔ አልሁት። በዚህ አፌ አልሁት።

ሁሉንም ለከብት ሰጡት። በተከታዩ ክረምት ከሰው ዘር ለምነው ተከሉ።

ከዚያ ወዲያ ገጹን በድብቅ አስተካከልሁት። የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከእብናት ሰው ደወለ፤ የአያ ምትኩን ቀይ ዘር ነበር የሚፈልገው። «አልቋል» አልሁት። ተሸጦ ያለቀ አስመስዬ።

እሳቸው ዛሬም ዘሬ መናኛ ነበር ብለው ያምናሉ። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ አላወቅሁም አልልም። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ጋፋት በእግር አንድ ሰዓት አይፈጅም። እስካሁን አልሄድሁም።