ለአሰልጣኙ የሰፋሁት የአሸዋ ሰደርያ

የዚያን እሁድ ጠዋት ዳገቱ ስር የነበርነው እነዚህ ነን፤ አሰልጣኙ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን የመጡት ሽማግሌ፣ በጡረታ ያሉት የሰፈራችን የድሮ ወታደር፣ ከልጄ ጋር የዘመቱ ሦስት ጓደኞቹ፣ ስልክ የያዘች አንዲት ወጣት እና እኔ። ልጄ አልነበረም። የተሰበሰብነውም እሱ ስለሌለ ነው።

ልጄ ከግንባር ሙሉ አካሉን ይዞ ተመለሰ። ጎረቤት “እልል በይ” አለኝ፤ እልል አልኩ። እንቅልፍ ግን አልነበረውም። ሰሃን ከእጄ ሲወድቅ ግድግዳ ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። የሚሰበረውን ዕቃ ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ በፕላስቲክ እንበላ ጀመር።

የረዳው ሸክም ብቻ ነው። በአሸዋ የተሞላ ሰደርያ ለብሶ፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ወዳሉበት ዳገት ሮጦ የወጣ ቀን ይተኛል። ጓደኞቹም ተከተሉት። ከመነሳታቸው በፊት አብረዋቸው ያልተመለሱትን በስም ይጠራሉ፤ ከዚያ ጫፍ እስኪደርሱ ማንም አያወራም። ሰደርያውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከአሮጌ የአይሱዙ ሸራ፣ በድርብ ክር። ማንገቻው ትከሻውን እንዳይቆርጠው ከስሩ የብርድ ልብስ ቁራጭ ደረብኩበት።

አሰልጣኙ ጂም አለው። ልጆቹን አይቶ “ለጀግኖቻችን ክብር” የሚል ትልቅ የስፖርት ቀን አዘጋጀ፤ ባነር፣ ሙዚቃ፣ ማይክ። ርችት አለ ሲሉኝ ጂሙ ድረስ ሄጄ ለመንኩት።

“ልጄ፣ ርችቱን ተወው። የኔ ልጅ ፍንዳታ አይችልም። ጓደኞቹም አይችሉም።”

“ማዘር፣ አያስቡ! ርችቱን ሰርዘነዋል በቃ።”

አመንኩት። በዕለቱ ልጄ ሸክሙን ይዞ ከዳገቱ ወርዶ፣ ሰው ሲያጨበጭብለት፣ ርችቱ ተተኮሰ። ልጄ መሬት ላይ ተደፋ። ከዚያ በሆዱ ተስቦ ከቆመ መኪና ስር ገባ። አሰልጣኙ በማይክ፣ “ኧረ ጀግናው ተደበቀብን! ማነው የሚያወጣልን?” አለ። ሰው ሳቀ።

እኔም መኪናው ስር ገብቼ እጁን ያዝኩት።

“እማ፣ እየሳቁ ነው እንዴ?”

“ሙዚቃው ነው” አልኩት።

የቀረጸችው ያቺ ባለስልክ ወጣት ናት። ቪዲዮው ሳይውል ሳያድር በየሰፈሩ ዞረ፤ ልጄም አየው። ሳምንት ሳይሞላ ሰደርያውን አልጋው ላይ አጣጥፎ ትቶልኝ ወጣ። ስልኩ ዝግ ነው። ዓለም ጤና ሽንኩርት ሲጭን አየነው ሲሉኝ ዓለም ጤና ሄድኩ። ላንጋኖ የሆቴል ዘበኛ ሆኗል ሲሉኝ ላንጋኖ ወረድኩ። የለም።

አሰልጣኙ ሽማግሌ ላከብኝ።

“እህቴ፣ ይቅር በይው። እኛንስ እግዚአብሔር ይቅር ብሎን የለም?” አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

“እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። እኔ ካሳ እፈልጋለሁ።”

“ምን ዓይነት ካሳ?”

“ልጄ እንደሚወጣው ዳገቱን ይውጣ። ጫፍ ሲደርስ የሠራውን በራሱ አፍ ይናገር። ያቺው ልጅ በዚያው ስልኳ ትቅረጸው።”

አብረዋቸው የመጡት የድሮው ወታደር ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉና “ይሄ ፍርድ ነው” አሉ።

ለአሰልጣኙም ሰደርያ ሰፋሁለት። ሸራው ያው፣ ክሩም ያው ድርብ፣ አሸዋውም ያው። መርፌዬ ማንገቻው ጋ ሲደርስ ከልጄ ሰደርያ የተረፈውን የብርድ ልብስ ቁራጭ አየሁት። አንስቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ያን እሁድ ለበሰውና ትከሻውን አነቃነቀ። “ማዘር፣ ይሄ ማንገቻ ይቆርጣል።”

“አታስብ” አልኩት።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ተንበረከከ። ከልጄ ጓደኞች አንዱ ጠጋ ብሎ “ኮች፣ የምትገባበት መኪና እንፈልግልህ?” አለው። የሳቀ የለም። የድሮው ወታደር ከታች ሆነው “ጀባዱ! በርታ እንጂ! ጀግና እያልክ ስትጮህ አልነበር?” እያሉ ይጣራሉ። እኔ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ከኋላው እከተላለሁ። ትከሻው ላይ ቲሸርቱ ቀላ። ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ጫፍ ላይ ስልኩ ፊት ቆመ። “እናትህ እንዳልተኩስ ለምናኝ ነበር። እሺ ብዬ ተኮስኩ። በማይክ ያላገጥኩብህም እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ቤትህ ግባ” አለና አለቀሰ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው እያዘገሙ ደርሰው ክንዴን ያዙኝ። “አሁንስ?” አሉ።

“አሁንም ይቅር አላልኩም። ልጄ ሲገባ ይጠይቁኝ።”

ቪዲዮው ወጥቷል። ሰው ግን የፊተኛውን እንደተቀባበለው ይህን አልተቀባበለውም። ልጄ ይየው አይየው አላውቅም። የሱ ሰደርያ አሁንም አልጋው ላይ ነው፤ የብርድ ልብሱ ቁራጭም ማንገቻው ስር እንዳለ ነው።

ረዘም ያለ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ በር ሲዘጋ የሚደነግጥ ወጣት ነው። ከመቂ እስከ አዳሚ ቱሉ ባለው መንገድ ላይ ያያችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ የት እንዳለና ደህና መሆኑን ንገሩኝ።