ከጭራው ላይ የመዘዝኩት ፀጉር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ጭምር። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ተንበርክኬ ጎረቤት ማማቴን፣ ቅዳሴ ማስታጎሌን፣ ምራቴን መርገሜን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ይህችን ግን ምላሴ ሥር ሸሽጌ ነው «ይፍታሽ» የተባልኩት። ያልተናገሩትን ማን ይፈታል? አሁን የምታነቡት ስሙኝ። ስትሰሙ ግን አትዘኑልኝ። ዕድሜዬን አይታችሁ «አይ እናት፣ ያልፋል» እንዳትሉኝ። አላለፈም።

እኔ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ባና የምፈትሽ ሴት ነኝ። ባና ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ያለሱ የመንዝን ብርድ የሚችል የለም። ታዲያ አንዳንዱ አጭበርባሪ የአሮጌ ሹራብ ክር፣ ሲብስበትም የማዳበሪያ ጆንያ ክር እየቀላቀለ ይሸጣል። ያኔ ሰው እኔን ይጠራል። ከባናው ጫፍ አንድ ክር እመዝና ክብሪት እጭርበታለሁ። የበግ ፀጉር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ በጣት ሲያሹት ዐመድ ይሆናል። ፋብሪካ የሠራው ከሆነ ይቀልጣል፣ ሲበርድም እንደ ጠጠር ይደርቃል። የገዛ ወንድሜን ባና አቃጥዬ በገበያው መሐል አዋርጄዋለሁ። «እትዬ አስናቀች አታዳላም» ይላል ሰው። ይህችን ቃል ያዙልኝ። ወንጀሉን የሠራሁት በሷ ነው።

ጥሩወርቅ የሰፈራችን ልጅ ናት። ባሏ ሲሞትባት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ ተመለሰች። እዚያ ሳለች የተማረችው ሥራ ነበራት፦ የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ መሥራት። የውጭ አገር ሰዎች ናቸው የሚፈልጉት። ትንሽ መንጠቆ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር በቀጭን ክር ይታሰርና ዝንብ ይመስላል። ዓሣው እውነተኛ መስሎት ይውጠዋል። ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ስምንት ሴቶች ሰበሰበች፤ እኔንም ጨምራ። ጎረቤቴ ሸዋዬ የመጀመሪያውን ቀን፣ «ዕድሜ ልካችንን ዝንብ ስናባርር ኖረን አሁን ደግሞ እንሥራ?» ብላ በሳቅ ገደለችን።

ፀጉር የመሰለው ነገር በትንንሽ ፌስታል ታሽጎ ከውጭ ይመጣል። አረንጓዴ አለ፣ ብልጭ የሚል አለ። ብዙ የምንሠራው በነጩ ነበር፤ ረጅምና ልስልስ። ጥሩወርቅ ቆንጠር ታደርግና ጫፉ እንዳይበታተን በከንፈሯ አርሳ፣ መንጠቆው ጀርባ ላይ አስተኝታ በክር ትጠመጥመዋለች። እኛም በከንፈራችን እያረስን ተማርን።

ሌሎቹ ቶሎ ለመዱ። እኔ አልለመድኩም። «እትዬ፣ ጭራዋ ረዝማለች፤ ይፍቱት» ትለኛለች ጥሩወርቅ። እፈታለሁ። «እትዬ፣ አሁንም ትንሽ ወፍራለች፤ ይፍቱት።» በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ። በትሕትና ነው የምትናገረው፤ እኔ ግን የልጄ ታናሽ በሰው ፊት ስታርመኝ ቂም መያዝ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከቤቴ ፈትል አመጣሁ። የመንዝ በግ ፀጉር፣ በእጄ የፈተልኩት፣ እንከን የሌለው። «እግዜር የሰጠን እያለ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር ለምን ከውጭ ይመጣል?» አልኳት። አልተከራከረችም። በሳህን ውኃ አስመጣችና በፈትሌ የሠራሁትን ዝንብና የሷን ዝንብ አስቀመጠች። የኔ ውኃውን ጠጣ ጠጣና ሰመጠ። የሷ ላይ ላዩን ቆመ። «የበግ ፀጉር ውኃ ይጠጣል እትዬ፤ ይሄኛው አይጠጣም» አለች። ሸዋዬ፣ «የአስናቀች ዝንብ ጠላ ቤት ገብታ ቀረች!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጥሩወርቅ አልሳቀችም። እኔ ግን የጠላኋት እሷን ነው። የሳቀችው ሌላ፣ የጠላሁት ሌላ! ፍርድ አዋቂዋ እኔ ነኝ!

ዐቢይ ጾም ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ሸዋዬ ነጩን በጣቷ እያፍተለተለች፣ «ይሄ ግን የምን እንስሳ ፀጉር ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥሩወርቅ ውጭ ነበረች። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት። «የአሳማ ነው» አልኩ። ከየት አመጣሁት? ከየትም። አልኩት፣ አለቀ። ሁሉም ከንፈራቸውን ያዙ። በጾም፣ በቆረብንበት አፍ፣ አሳማ!

በሦስት ቀን ከተማው ሰማ። ጥሩወርቅ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ እንደ ጆንያ ክር ፋብሪካ የሠራው ነው። እርስዎ ባና እንደሚፈትሹት አቃጥለው ይፈትሹልኝ። እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ» አለችና ከፌስታሉ አንድ ጭብጥ አውጥታ ሰጠችኝ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። «እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁሉም ባለበት» አልኳት። እጄን ሳመች። ስማለች!

ቤቴ ገብቼ ግማሹን አቃጠልኩት። ቀለጠ። ተንጠባጠበ። ደረቀ። የጆንያ ሽታ ሸተተኝ። አወቅሁ። እንዳላወቅሁ አትቁጠሩልኝ፤ በዚያች ሰዓት አወቅሁ። ከዚያ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የሟቹ ባሌ ጭራ ተሰቅሏል። ነጭ የፈረስ ጭራ፣ ዝንብ የሚያባርርበት። ተነሣሁና ጥቂት ፀጉር መዘዝኩበት። የኔው እጅ ነው የመዘዘው። ቋጠሮውን ፈትቼ የሷን አወጣሁ፣ የፈረሱን አስገባሁ። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል ሰይጣን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሳህን ውኃ ውስጥ የሰመጠች አንዲት ዝንብ ነበረች፤ በቃ።

እሑድ ዝንብ በምንሠራባት ክፍል ሁሉም ተሰብስበው ሳለ ክብሪቱን ጫርኩ። የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ተንጫጩ። እኔም ዐመዱን በጣቴ አሽቼ ለሁሉም አሳየሁ። አስባችሁታል? ዞሬ ዞሬ አሳየሁ! ጥሩወርቅ በርከክ ብላ ዐመዱን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች። «ከዚህ ከፌስታሉ ይቃጠልልኝ» አለች። ሸዋዬ ፌስታሉን ነጥቃ ሽንት ቤት ጨመረችው። «እትዬ አስናቀች አታዳላም!» አለች።

በማግስቱ ጥሩወርቅ የተረፋትን ቁንጣሪ ይዛ «ላቃጥልና እዩልኝ» እያለች በየቤቱ ዞረች። አልከፈቱላትም። የኔም በር ላይ ቆመች። «በጾም አታርክሺኝ» አልኳት ከውስጥ ሆኜ።

በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራው የሷ ነበር። ቤቷን ጠርጋ፣ ጉዝጓዝ ጎዝጉዛ ጠበቀችን። ሄድን፤ ተቀመጥን። ካህኑ ባርከው ዳቦውን ቆረሱ። ጥሩወርቅ ሰፌዱን ይዛ በፊታችን ዞረች። ከኔ ጀመረች፤ ታላቅ ነኛ። እጄን በነጠላዬ ውስጥ ሰበሰብኩ። ከኔ ቀጥሎ ያለችውም ሰበሰበች፤ ሁሉም ሰበሰበ። ዳቦው እንደ ሞላ ወደ ጓዳ ተመለሰ። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ልጆቿን ይዛ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች።

ዝንብ መሥራቱም ቀረ። ስምንት ሴቶች ወደ ባዶ እጃቸው ተመለሱ። የኔ ስም ግን አደገ። ሰው ጭራሽ እየጨመረ ባናውን ይዞልኝ መጣ። ክብሪት በጫርኩ ቁጥር የዚያ ፈረስ ሽታ ይመጣብኛል፤ የምፈትሸው ንጹሕ የበግ ፀጉር ይሁን ሌላ፣ አንድ ነው።

አምና ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት ሸክሜን ከትከሻዬ ወሰደችልኝ። ጥሩወርቅ ናት። የተማሪ ልብስ እየሰፋች ነው የምትኖረው። «ደህና ነዎት እትዬ?» ብላ ሳመችኝ። ሚኒባሱ ላይ ቦታ ያዘችልኝ። ላመሰግናት ስል በጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያን ቀን ያቃጠሉት የፈረስ ነበር። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ክብሪት ሳይነካው ውፍረቱን አይቻለሁ» አለች። ድምጿ አልተቆጣም። «ግን እትዬ አስናቀች ዋሹ ብል ማን ያምነኝ ነበር?»

አፌን መክፈት ነበረብኝ። «አዎ» ማለት አንድ ቃል ናት። ሳልመልስላት ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። እስከ መሐል ሜዳ ድረስ ሸክሜን አቅፌ ተቀመጥኩ። ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከፋል። የመጀመሪያውን ስሠራ ተናድጄ ነበር። ሁለተኛውን ስሠራ ምን ሆኜ ነበር?

በሴቶቹም እናደዳለሁ። አንዲት አሮጊት ስለተናገረች እንዴት አንዳቸው እንኳ ሁለተኛ ክብሪት አትጭርም? ግን በደሌን ላከፋፍል አይደለም የተነሣሁት። ያመኑኝ እኔን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲያምኑኝ ያደረግሁ እኔ ነኝ።

ጽሑፍ ብዙ አላውቅም፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ናት ይህን የጻፈችልኝ። የጻፍኩት ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም። ይቅር ማለት ያለባት አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ካልፈለገች መብቷ ነው። የፊታችን ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራው የኔ ነው። ጥሩወርቅም እንድትመጣ ልኬባታለሁ፤ ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ያኔ ያላቃጠልኩት ግማሹ ነጭ አሁንም በሳጥኔ ውስጥ አለ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ጭራውን ከግድግዳ አወርዳለሁ። ሁለቱንም በየተራ አቃጥልና ማሽተት ያለበት ሁሉ እንዲያሸት አደርጋለሁ። ከዚያ ሰፌዱን ይዤ በፊታቸው እዞራለሁ። እጁን የሚሰበስብ ይሰብስብ።