ግድግዳው የቀዘቀዘ ዕለት

አክስቴ ደፋር ናት ወይስ ፈሪ? በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ እስካሁን መልስ የለኝም። ውሻ ካየች መንገድ ትቀይራለች። ስልክ ሲጮህ "አንተ አንሣው" ብላ ጓዳ ትገባለች። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ፊት፣ ፖስተኛም ቢሆን፣ ድምፅዋ ይጠፋል። ስለዚያች ቅዳሜ ከሰዎች አፍ የሰማሁት ነገር ግን ከዚህች ሴት ጋር አልገጥም ብሎኛል።

ከተማችን ሰው ወገቡንና ጉልበቱን ይዞ ከሩቅ የሚመጣባት የፍል ውሃ ከተማ ናት። መታጠቢያ ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ፣ ዕድሜውን በትክክል የሚያውቅ ሰው የሌለው አሮጌ ሕንፃ ነው። ከትልቁ በሩ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬዎች ምርታቸውን ይሸጣሉ። አክስቴ ከበሩ ሦስተኛዋ ናት፤ እንቁላልና ትንሽ ቆስጣ ትሸጣለች። ያን ቦታ ሁሉም ይመኘዋል። ከሌላ ሰው ገዝቶ የሚሸጥ አይቀመጥበትም፤ ባለቤቱ አራት ቅዳሜ በተከታታይ ከቀረበት ደግሞ ለሌላ ይሰጣል።

ባለፈው ክረምት በሽታ ገብቶ ዶሮዎቿን ፈጀባት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሃያ ምናምን አራት ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ዘንድሮ ቢጥሉም ለከርሞ መጣል የሚያቆሙ። አዲስ ዶሮ ካላሳደገች ቦታዋን እንደምትለቅ ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ዘመዷ እርሻዋን ትታ ልጇ ዘንድ ልትገባ ስትነሣ፣ ዶሮዎቿን ከመሸጧ በፊት ሃያ አንድ እንቁላል ሰጠቻት። "እንግዲህ እነዚህ ናቸው፤ ሌላ የለኝም" አለቻት።

በእኛ ሰፈር ጫጩት ለማስፈልፈል መሣሪያ የሚገዛ የለም። ፍል ውሃውን ወደ መታጠቢያ ቤቱ የሚወስደው ቱቦ በቤቶቻችን የኋላ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። ግድግዳው ክረምት ከበጋ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ልብስ ይደርቅበታል፣ ሊጥ ይነሣበታል፣ ወገቡን ያመመው ይደገፍበታል፣ እንቁላልም ይፈለፈልበታል። አክስቴ እንቁላሎቹን በቅርጫት አድርጋ ግድግዳውን አስጠግታ አስቀመጠቻቸው። በቀን ሦስት ጊዜ ታገላብጣቸዋለች። በሳምንቱ በባትሪ ብርሃን እያየች ሁለቱ ባዶ መሆናቸውን ለየች፤ አሥራ ዘጠኝ ቀሩ።

ታዲያ በዓመት አንድ ሌሊት ቱቦው ይጠረጋል። ውሃው ይዘጋል፤ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። የዘንድሮው ሌሊት ጫጩቶቹ ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ለዚያች ቅዳሜ አጥቢያ ሆነ። አክስቴ ቅርጫቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ላይ ታቅፋው ተቀመጠች። "ከተኛሁ እጨፈልቃቸዋለሁ" ብላ ዓይኗን ሳትከድን ነጋ።

ሲነጋ ፊቷን ልትታጠብ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች። አጠገቡ ሌላ ቅርጫት ነበር፤ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ላለው የእንግዳ ማረፊያ ኩሽና በየቅዳሜው የምታስረክበው ሃያ እንቁላል። ሁለቱን ቅርጫቶች የሠራቸው አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱም ገለባ ተነጥፎባቸዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሥራው ይታወቃል። አንደኛውን በብርድ ልብስ ጥሩ አድርጋ ሸፈነች፣ "ደኅና ዋሉልኝ" አለቻቸው፣ ሌላውን አንሥታ ከቆስጣዋ ጋር ወደ ገበያ ሄደች።

የማረፊያው ሼፍ እንቁላሉን የሚቀበላት በጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቅርጫቱን ተቀብሎ እጁን አስገባ።

"እትዬ፣ ዛሬስ ሙቅ ነው! ከዶሮዋ ሥር ነጥቀሽ ነው እንዴ የመጣሽው?"

"ላንተ ስል ምን የማላደርገው አለ" አለችና ስቃ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከአጠገቧ የሚቀመጠው ማር ሻጭ ነገር የማያልቅበት ሽማግሌ ነው። ስታዛጋ ሲያያት ዝም ሊል አልቻለም።

"ምነው አንቺ፣ ሌሊቱን ስትጨፍሪ አደርሽ?"

"ተዉኝ ጋሼ። ግድግዳው ቀዝቅዞ እንቁላል ታቅፌ ነው ያደርኩት።"

"ዶሮ አልቆ አንቺው ጀመርሽ?"

"ይሳቁ እርስዎ! ነገ ጫጩት ላሳይዎት አይደል።"

"እኔስ ቤት እንዴት ያለ ብርድ ነው ያደረው! ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ ብርጭቆውን ብይዘው፣ ጣቴ ሊቆረጥ። ጓዳው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በረዶ ሆኗል ስልሽ።"

አክስቴ ማዛጋቷን መሃል ላይ አቆመች። የእሷም ጓዳ ያው ነበር። ለሼፉ ያዘጋጀቻቸው እንቁላሎች ሌሊቱን ያደሩት በቀዝቃዛው ወለል ላይ ነው። ታዲያ ሼፉ ሙቅ ነው ያለው ምኑን ነው?

"ወይኔ" አለች። "ወይኔ ጉዴ! ጋሼ፣ ቆስጣዬን ይዩልኝ!"

የእንግዶች ቁርስ በሁለት ሰዓት ይቀርባል። ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆኗል። መስኮቷን ደበደበች፤ ተዘግታለች፤ ከውስጥ የሚሰማው የዕቃ መንኳኳት ብቻ ነው። የቀረው ትልቁ በር ነበር። ሠላሳ ዓመት ፊቱ ተቀምጣ አንድ ቀን አልፋው አታውቅም። በሩ ላይ ቁልፎቹ የሚያብረቀርቁ ደንብ ልብስ የለበሰ ዘበኛ ቆሟል። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

"እናት፣ ወዴት ነው? ትኬት?"

"ልጆቼ ውስጥ ናቸው!"

"ስንት ዓመታቸው ነው? ልጅ ብቻውን አይገባም እኮ።"

"ገና አልተወለዱም!"

"እ?"

"አሥራ ዘጠኝ ናቸው! ዞር በልልኝ አንተ!"

"እኔ ዞር ልበል ብዬ አላሰብኩም" ይላል ዘበኛው፤ "እግሬ ነው ራሱ ዞር ያለው።"

አክስቴ በእርጥቡ እብነ በረድ ላይ እየተንሸራተተች ሮጠች። ፎጣ ያገለደሙ ሽማግሌዎች ግድግዳ ላይ ተለጠፉላት። አንዱማ እሳት የተነሣ መስሎት ከኋላዋ መሮጥ ጀምሮ ነበር አሉ። ኩሽናውን የዘይቱን ሽታ ተከትላ አገኘችው።

ምድጃው ላይ መጥበሻ ተጥዷል፤ የፈሰሰበት ዘይት ይጨሳል። ጠረጴዛው ዙሪያ ሼፉ፣ ረዳቶቹና ዕቃ አጣቢዋ አጎንብሰው ቆመዋል።

"ሰበርከው?" አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ አልወጣም።

ሼፉ ቀና ሳይል እጁን አነሣ። "ቀስ በይ፣ እትዬ። ነይና እይ። እንቁላልሽ እየዋኘ ነው።"

ይህ ሼፍ እንቁላል ከመስበሩ በፊት ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ትኩሱ ይሰምጣል፤ የቆየው ይንሳፈፋል። አክስቴ በዚህ አመሉ ስንት ዓመት አኩርፋበታለች፤ "የእኔን እንቁላል ነው የምትመረምረው?" እያለች። ያን ዕለት ለብ ባለው ውሃ ውስጥ የከተታቸው ሁሉ ተንሳፈፉ። ተናዶ ሊጮህ አፉን ሲከፍት አንዱ እንቁላል ማንም ሳይነካው ዞረ። ቀጥሎ ሌላው ወዝወዝ አለ። አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"አውጣቸው! ይታፈኑብኛል!" ብላ ጮኸች፤ አሁን ድምፅዋ ተመልሷል። እጆች ሁሉ ውሃው ውስጥ ገቡ። አንድም አልተሰበረም። አንድ በአንድ አድርቀው ፎጣ ላይ ሲደረድሯቸው አክስቴ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች።

"ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ናቸው" አለ ሼፉ። "ሃያ ነው ያልኩሽ።"

"የአንተዎቹ ቤቴ ናቸው" አለችው እንባዋን እየጠረገች። "በብርድ ልብስ ጠቅልዬልሃለሁ፤ ደልቷቸዋል።"

ዕቃ አጣቢዋ ከሳቅ ብዛት ጠረጴዛውን ያዘች።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የእንግዶች ፎጣ የሚሞቅበት ቁም ሳጥን አለ፤ ፍል ውሃው በሥሩ ያልፋል፤ ቱቦው ከንጋት ጀምሮ ተከፍቷል። ፎጣ የምታድለዋ ሴት ታችኛውን መደርደሪያ ባዶ አደረገችና "እንግዶቹ ዛሬ ሁለት ፎጣ ቢጎድልባቸው አይሞቱም" አለች። እንቁላሎቹ እዚያ ገቡ። አክስቴ እረፍት ክፍሉ ውስጥ ባለው ረጅም ወንበር ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ ትይዩ፣ ተቀመጠች። ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቷት ሄደ። ስለ ትኬት አላነሣም።

የመጀመሪያው ቅርፊት የተሰነጠቀው አምስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ወሬው ደርሶኝ የሼፉን ሃያ እንቁላል ይዤ ስገባ አራት ጫጩቶች ፎጣው ላይ ይንገዳገዱ ነበር። እርጥብ ናቸው፣ አያምሩም። አክስቴ ግን ለሚያልፈው ሁሉ "አየኸው ያን ጥቁሩን?" ትላለች። ከታጠቡ በኋላ ሊያርፉ የመጡት ሽማግሌዎች ማረፉን ትተው የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ ይከራከሩ ጀመር። ማር ሻጩም ገበያው ሲበተን መልእክት ላከ፤ "ቆስጣሽ አልቋል። ቦታሽ ላይ ዓይኑን የጣለ ሰው ነበረ፤ ባለቤቷ ወልዳ ነው ብዬ መለስኩት።"

እስከ ስምንት ተኩል አሥራ ስድስቱ ወጡ። ሦስቱ ዝም አሉ። አክስቴ አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠቻቸው፤ ረጅም ጊዜ አዳመጠቻቸው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠቻቸውና "ይበቁኛል" አለች። "አሥራ ስድስት ይበቁኛል። ሲያድጉ ግማሹ ቄብ ሆኖ ቢጥል፣ በእነሱ ቦታዬን እይዛለሁ።"

ፎጣ የምታድለዋ ሴት በካርቶን እንውሰዳቸው ወይስ በቅርጫት እያለች ትጠይቃት ነበር። መልስ ስታጣ ዞር ብላ አየቻት። አክስቴ እንደተቀመጠች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አንገቷን ወደ ጎን ጥላ ተኝታለች። ሴትየዋ የሞቀ ፎጣ አለበሰቻት፤ እኔም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል።