«ደህና ናት» ያልኩ ቀን

ከአዲስ አበባ ስንወጣ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ወታደሮች ወንድሟን ከቤት የወሰዱት ዓይኗ እያየ ነው። ለንደን ከገባን በኋላ ንግግሯ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ጭራሹን ቆመ። በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች።

ሐኪሙ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ወዳለ አንድ ቤት ላከን። ሆስፒታል አይደለም፤ ተራ መኖሪያ ቤት ነው የሚመስለው። መንፈሳቸው የታወከ የሰፈሩ ሰዎች በሳምንት ሁለት ቀን እየሄዱ ከባለሙያ ጋር ይቀመጣሉ፤ ወጪውን መንግሥት ይከፍላል። እኔም ቢሮ እያጸዳሁ ከማገኛት ደመወዝ በየሳምንቱ ናሽናል ኢንሹራንስ የሚሉት የመንግሥት መዋጮ ይቆረጥብኝ ስለነበር፣ እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ባለመብት ነበር የምገባው።

ልጄን የምትረዳት ሴት አታስቸኩላትም ነበር። አብረው ሹራብ ይሠራሉ። ብዙ ወር ቆይቶ አንድ ቀን ልጄ በእንግሊዝኛ «ቀዩን ክር ስጪኝ» አለቻት። ይህን ስሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ገንዘቡን ከሚመድበው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጣ፤ ማን እንደሚቀጥል፣ ማን እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። አሥመራ የአማርኛ መምህር የነበሩ አንድ ሽማግሌ አስተረጎሙልን።

«ልጅሽ እንዴት ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት።»

«እንቅልፏስ?»

«ተመስገን ነው።»

ምን ልበል? እኛ የታመመ ሰው ራስጌ ቆመንም ተመስገን ነው የምንለው። ደግሞስ የልጄን ገመና ለማላውቀው ሰው እንዴት እዘረግፋለሁ?

ደብዳቤ መጣ። ድናለችና ቦታዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ይላል። ልጄ በቀኗ የክር ከረጢቷን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እንደማንሄድ ስነግራት ተመልሳ አልጋ ሥር ገባች።

ከደመወዜ ሲቆርጡ ግን ደህና ነሽ ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም! እየተንጨረጨርኩ ሰቨን ሲስተርስ የሚባለው ሰፈር፣ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የነገሩልኝ?»

«ያልሽውን ነዋ የኔ ልጅ። ደህና ናት አልሽ፣ ደህና ናት አልኩ።»

«እርስዎስ ሳል ይዞዎት እንዴት ዋሉ ቢባሉ ምን ይላሉ?»

«ተመስገን...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ኮታቸውን አነሱ።

ልጄን ይዘን ሦስታችን ቀጠሮ ሳንይዝ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጦ «ደህና ናት ብለሽ ነበር» አለኝ።

«ደህና አይደለችም። አትተኛም። አትናገርም። አልጋ ሥር ነው የምትውለው። እሷን ሳትጠይቁ በደብዳቤ አዳናችኋት!»

እንዲህ ያለ ነገር፣ ያውም ተመስገን ሳልጨምርበት፣ በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይቀንሱ ተረጎሙት።

«ሌሎችም እየጠበቁ ነው» አለ ሰውዬው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላት።

ልጄ ዓይኗን ከወለሉ አነሳች።

«ደህና አይደለሁም» አለች፣ በራሷ አፍ፣ በእንግሊዝኛ።

ሰውዬው ብዕሩን አነሳና ቦታዋ እንዲመለስላት ጻፈ። ልጄ ተናገረች ብዬ ተመስገን ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፈርሞ እስኪጨርስ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት።