ያልተነበቡት ሠላሳ ገጾች

በስፌት ድርጅቱ ማጠናቀቂያ ክፍል ውስጥ «ራዲዮ» የሚሏት ሴት መጽሐፍ ካልያዘች ድምፅዋ አይሰማም። «ደህና አደራችሁ»፣ «መቀሱን አቀብዪኝ»፣ «ደህና እደሩ»፤ የቀን ወሬዋ ይኸው ነው። መጽሐፍ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ናት። ንጉሥ ሲናገር ድምፅዋ ይጎረንናል፣ ልዕልት ስትናገር ይለሰልሳል፣ ክፉ አማካሪ ሲመጣ ደግሞ አንድ ዓይኗን ጨፍና በጥርሷ መሀል ታፏጫለች። ከአርባ ዓመት በታች ናት፤ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ ብቻዋን ትኖራለች።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። የስፌት መኪናዎቹ ከግድግዳው ወዲያ ናቸው፤ እዚህ የሚሰማው መቀስና የካውያ እንፋሎት ብቻ ነው። ሰባት ሴቶች የተማሪ ዩኒፎርምና የሕሙማን ልብስ ተሰፍቶ ሲመጣላቸው አዝራር ይተክላሉ፣ የተንጠለጠለ ክር ይቆርጣሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ያጣጥፋሉ። የመተኮሱ ሥራ የእትዬ ካውያ ነው። በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ሸሚዝ ሲተኩሱ ሸሚዙን የሚገስጹት ይመስላሉ።

ነገሩ የተጀመረው በዳቦ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ራዲዮ ገና አዲስ ሠራተኛ ሳለች፣ ለምሳ የገዛችው ዳቦ ከመጽሐፍ በተገነጠለ ገጽ ተጠቅልሎ መጣ። በከንፈሯ እየተንሾካሾከች ስታነበው እትዬ ካውያ ሰሟትና «ጮክ በይ እንጂ፣ ለብቻ መብላት ነውር ነው» አሏት። ጮክ አለች። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ለሃያ ዓመት ተቆልፎ ከኖረ ክፍል የሴት ልቅሶ ይሰማል። ወጣቱ ልዑል በሩ ላይ ቆሟል፤ ቁልፉን አገኘ፤ አስገባ፤ አዞረ፤ ገጹ እዚያ ላይ አለቀ።

ሴቶቹ ዳቦ ቤቱን ወረሩት። የቀረው መጽሐፍ በሰው ሁሉ ዳቦ ላይ ተጠቅልሎ ሄዷል። በዚያ ክፍል የምታለቅሰው ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲያ ግን በእግረኛ መንገዱ ላይ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ የሚሸጠው ሰውዬ ደንበኞች አገኘ። «ንጉሥ ያለበት፣ ፍቅር ያለበት፣ የጠፋ ነገር ያለበት» ብለው አዘዙት፤ እሱም ሲያገኝ ያስቀምጥላቸዋል።

ደንብ ወጣ። ከምሳ በኋላ እስከ ሻይ ደወል ራዲዮ ታነባለች፤ የእሷን አዝራር ሌሎቹ ተካፍለው ይተክሉላታል። ማንም ቀድሞ አያነብም፤ አንባቢዋም ጭምር። ደወሉ ሲደወል መጽሐፉ የክር ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ጓጉንቸሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉ እትዬ ካውያ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አለቃቸው የመጀመሪያው ቀን ሊቆጣ መጥቶ ምዕራፉ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሞ ቀረ። «ሥራ እንዳይበደል ብቻ» አለና ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልክ በዚያ ሰዓት ካርቶን ሊፈትሽ ይመጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ የሚፈትሸው ያንኑ አንድ ካርቶን ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሥራ ፈት ነው የሚያነበው የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰው በቀን አራት መቶ አዝራር ተክሎ አያውቅም። ልብስ የምታጣጥፈው ወጣት ሴት ነገሩን በደንብ አስረድታዋለች፦ «ምስጢር እኮ ክፍል ይፈልጋል። እኛ ቤት ምኑ ይደበቃል? አንዱ ቢያስነጥስ ሰባት ጎረቤት ‹ይማርህ› ይላል!» ፍቅሩም ቢሆን ያለ ምስጢሩ አይጥማቸውም፤ ሁለት ሰው ተዋድዶ ቢጋባ ምን ወሬ አለው? ከሁሉም የሚጣፍጠው ግን ታላላቆቹ ሲጠረጠሩ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ንጉሥም፣ ንግሥትም፣ ጳጳስም በየቀኑ ይከሰሳሉ። ማስረጃውም ከሥራቸው ይመጣል። «ከጀርባው ሠላሳ ስድስት አዝራር ያለውን ቀሚስ ብቻዋን ለበሰችው? ውሸት! ደንገጡሯ ታውቃለች» ይላሉ። እትዬ ካውያ ደግሞ ካውያቸውን ቀጥ አድርገው ያቆሙና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ፍርዱን ይዘጋሉ።

የዘንድሮው መጽሐፍ ሽፋን የለውም፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። የንጉሡ ማኅተም በልዑሉ የሠርግ ዋዜማ ይጠፋል፤ ሙሽራይቱ የተራ ሐኪም ልጅ ናትና ሌብነቱ በእሷ ይላከካል። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ደንገጡሯ ናት አለ፣ ግማሹ አትክልተኛው። እትዬ ካውያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አጎትየው ነው፣ ጢሙን አልወደድኩትም» እንዳሉ ናቸው።

ሠላሳ ገጽ ሲቀር እትዬ ካውያ ታመሙ። «ሆዴ ውስጥ እብጠት አለ ይላሉ፤ ያለ ፈቃዴ የገባ ተከራይ ነው፣ ያስወጡታል» ብለው ቀለዱ። ማንም አልሳቀም። ቀዶ ሕክምናው ለሐሙስ ተቀጠረ፤ ሰኞ ይተኛሉ። ሴቶቹ ዓርብን ሙሉ አንብበን እንጨርስ ቢሉ እሳቸው እምቢ አሉ። «ልዑሉን አታስሩጡት፤ በልኩ ይሂድ።» ዓርብ ንባቡ ችሎት ላይ ቆመ። ዳኛው ልዑሉን «ማኅተሙ ባይገኝም ታምናታለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ልዑሉ ዝም አለ፤ ደወሉ ተደወለ። እትዬ ካውያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለራዲዮ ሰጧት። «አደራ። ማንም እንዳይቀድመኝ፤ አንቺም።»

ሰኞ ከምሳ በኋላ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ አዝራሩን ተከለ። አለቃው መጣ፣ ካርቶኑን አየ፣ ተመልሶ ሄደ። አጣጣፊዋ «አንድ ገጽ ብቻ?» ስትል ሌላዋ «እትዬን ጥለን?» አለቻት። እንጠብቅ ተባለ።

ረቡዕ ግን ራዲዮ አደራዋን በላች። የእትዬ ካውያ ልጅ ለአለቃው ስልክ ደውሎ ሐኪሞቹ ተስፋው ግማሽ በግማሽ ነው እንዳሉት ነግሮት ነበር፤ ይህንንም ሁሉም ሰምቷል። የሻይ ደወል ሲደወል ወደ ኋላ ቀረች፤ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ በክር ጥቅልሎቹ መሀል እንደቆመች ሠላሳውን ገጽ ጨረሰች። ዳቦ የተጠቀለለበት ገጽ ውስጥ የምታለቅሰውን ሴት ስምንት ዓመት ተሸክማታለች፤ ሕመሙን ታውቀዋለች። እትዬ ካውያ እንዲህ ተንጠልጥለው ቢሄዱስ? መጨረሻውን ይዛላቸው ልትሄድ ወሰነች።

ከሥራ ስትወጣ ሆስፒታል ደረሰች። እትዬ ካውያ የሕሙማን ልብስ ለብሰው በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«ይህን ማን ነው የተኮሰው?» አሉ ሰላምታ ሳያስቀድሙ፣ እጅጌውን እያሳዩ። «ስፌቱ የኛው ነው። እዚህ ያጥቡታል እንጂ አይተኩሱትም። እንዲህ ተጨማድጄ ነው የምቀደደው?»

ራዲዮ ፈገግ አለች። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚ። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። መጨረሻውን ንገሪኝ። ማኅተሙን የወሰደው ማን ነው?»

አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ ነበር። ያን ጊዜ እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ለመለመን አሥር ጊዜ የምታመነታ ሴት ነበረች። በመጨረሻ ሕመሟ «ብርቱካን አማረኝ» ስትል ሦስት ሰው እየሮጠ ይዞላት መጣ። እናቷ ብርቱካኖቹን አየቻቸው፣ የሰዎቹን ፊት አየች፣ ገባት። አንዱንም አልቀመሰችም። የሚሞት ሰው የጠየቀው አይከለከልም ይባላል፤ ሕመምተኛውም ይህን ይሰማል።

«አልነግርዎትም» አለች ራዲዮ።

«ምን አልሽ?»

«አልነግርዎትም፤ ደግሞም አላውቀውም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ከዓርብ ጀምሮ አልተከፈተም። ልጆቹም እትዬ ሳይመጡ አንሰማም ብለዋል። አለቃችን እንኳ ካርቶኑን መፈተሽ ትቷል። ወንበርዎን ከመስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ሲመለሱ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። እስከዚያ ልዑሉ እዚያው ችሎት ላይ ቆሞ ይጠብቅ፤ እግሩ አይሰበርም!»

እትዬ ካውያ የተጨማደደውን እጅጌ ሳብ አድርገው አስተካከሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በይ ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አሉ።

ራዲዮ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። አፈረች፤ ፈራችም። ለታመመ ሰው አንዲት ስም መንፈግ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ነገ ቢሞቱ ይህን ንፍገት ይዛ እንደምትኖር አወቀች። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆመች፤ ሁለት ጊዜ ልትመለስ አለች፤ አልተመለሰችም።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ የአለቃው ስልክ ጮኸ። ወደ ክፍሉ ገባ፤ ያለ ሰዓቱ ነው የመጣው። «በደህና ወጥተዋል» አለና መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። አጣጣፊዋ እልል አለች። ራዲዮ ልትስቅ ብላ አለቀሰች፤ ፊቷንም እጇ ላይ በነበረው የተማሪ ሸሚዝ ጠረገች፤ ሸሚዙ እንደገና መታጠብ ነበረበት።

ሰባት ሳምንት አለፈ። እትዬ ካውያ ግማሽ ሰውነታቸውን ጥለው ተመለሱ፤ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው። በእሳቸው ቦታ የተተኮሱትን ሸሚዞች አንድ በአንድ እያነሡ «ይኼ አንገት ነው ወይስ የላም ጆሮ?» አሉ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ፤ ራዲዮም ቁም ሳጥኑን ከፈተች።

ልዑሉ አንገቱን ቀና አደረገና «ማኅተሙ ባይገኝም አምናታለሁ» አለ። በዚህ ጊዜ አንድም ቀን ማንም ያልጠረጠራቸው የልዑሉ አያት፣ አሮጊቷ ንግሥት፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ማኅተሙንም ከጉያቸው አወጡ። የደበቁት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ምን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ማወቅ የፈለጉት የልጅ ልጃቸውን ነው። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። አለቃው ካርቶኑን ረግጦ «አያትየዋ!» አለ።

ራዲዮ ግን ሌላ ነገር አይታለች። የአሮጊቷን ንግግር ስታነብ የእትዬ ካውያ ከንፈር አንድ ቃል ቀደም ቀደም እያለ ይንቀሳቀስ ነበር። ደወሉ ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ ቀረበቻቸው።

«እትዬ፣ ከንፈርዎ ቀደመኝ።»

«ታየሽ?» ሳቁ፤ የተሰፋው ቦታ አመማቸውና ሆዳቸውን ደገፉ። «ሳላገባ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ስትጀምሪው አወቅሁት።»

«ታዲያ አጎትየው ነው ሲሉ የከረሙት?»

«ላበላሽባችሁ ኖሯል?»

«ሆስፒታል ለምን ጠየቁኝ ታዲያ?»

እትዬ ካውያ ጭናቸው ላይ የነበረውን ሸሚዝ በመዳፋቸው ዳበሱት። «ሐኪሙ ይስቅልኛል፣ ልጄ ይስቅልኛል፤ እውነቱን ከማን ልስማ? መጨረሻውን ብትነግሪኝ ኖሮ ተስፋ ቆርጣችኋል ማለት ነበር።»

ራዲዮ አቀረቀረች። «ዋሽቼዎታለሁ እኮ። አንብቤው ነበር የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ካንቺ አፍ ያን ያህል ወሬ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም» አሉ እትዬ ካውያ። «መጨረሻውን ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ አይተሽኝ፣ መልሰሽ ወሰድሽው። ያን ሌሊት ተኛሁ።»

ራዲዮ ቀና አለች። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ቀጥላም የእግረኛ መንገዱ መጽሐፍ ሻጭ በዚያ ሳምንት ያመጣላትን አዲስ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እትዬ ካውያ ከፈቱት፣ ሁለት መስመር ያህል አነበቡ፣ ዘጉት።

«ይህንንስ?» አለች ራዲዮ።

«አላነበብኩትም» አሉ ፊታቸውን ወደ ካውያው አድርገው፤ ቁልፉንም አንገታቸው ላይ አጠለቁ።

ራዲዮ አላመነቻቸውም። መጽሐፉን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ ጓጉንቸሩን ቆለፈችና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ሻይ ወሰደቻቸው።