ስም ያወጣንለት ሰውዬ

ገና ያልደረቀ እበት ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ሲሸተኝ ዛሬም ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይጫነኛል። ከይጁቤ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬደው መንደራችን የነበረችው ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበራት፤ ቁንጫ እንዳይፈላ ዓርብ ዓርብ ሴቶቹ ልጆች ወለሉን በእበት ይለቀልቁ፣ እኛ ወንዶቹ ቅጠል ቆርጠን እናመጣ ነበር። ወለሉ እስኪደርቅ ጽሕፈትም ሒሳብም ስለማይሆን፣ አስተማሪያችን መምህር ይሁኔ እኛን ደጅ ሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በእጃቸው ከጻፉት ደብተር አንድ ታሪክ ያነቡልን ነበር።

መምህር ይሁኔ ገና ወጣት ነበሩ። ቄሶቻችን የቤተ ክርስቲያኑን መጽሐፍ ያነባሉ እንጂ ከሩቅ አገር ደብዳቤ የመጣለት ሰው ሁሉ የሚያስነብበው እሳቸው ዘንድ ነበር። ሲያነቡ አንዷ እልል ትላለች፣ ሌላዋ መሬት ትደበድባለች። ወረቀት ለእኛ አገር ሰው እንዲህ ነበር፤ በእርግጥ የሆነ ነገር ካልሆነ ማን ይጽፈዋል?

ያን ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ አባቴ ገረመው ከማዶ መንደር ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወረደ። «ለገና እቤቴ ነኝ» ብሎ የክት ልብሱን አጥፎ ሣጥን ውስጥ ከትቶ ሄደ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ ስሙን አታነሳም ነበር፤ መንገደኛን አዘውትሮ መጥራት ደግ አይደለም ትላለች።

ጥቅምት ሲገባ መምህር ታሪኩን ጀመሩልን። አንድ ሰው ከቆላ ወደ አገሩ ሲመለስ ከጓደኞቹ ይነጠላል፤ ጉም ይወርድበታል፤ በጉሙ ውስጥ የገዛ ቤቱ በር ይታየዋል፣ ከውስጥ የልጆቹ ድምፅ ይሰማዋል፣ ቢሄድ ቢሄድ ግን አይደርስም። እኛ ታሪክ እንዴት እንደሚደመጥ የነገረን ስላልነበረ፣ የምንሰማው ልክ ጎረቤት እንደተቸገረ ነበር።

«ጋሼ፣ የየት አገር ሰው ነው?» አለች ጥሩዬ፣ ጎረቤታችን።

«የትም ይሁን፣ ምን ያደርግልሻል?»

«ዘመዶቹ ወጥተው እንዲፈልጉታ!»

«ውሻውስ አልጮኸም?» አለ ሌላው።

«የገዛ ጌታው ላይ ምን ብሎ ይጮኻል፣ ደነዝ!» አለ የክፍላችን ቀልደኛ አላምረው።

በየዓርቡ የማን ልጅ ነው፣ የንስሐ አባቱ ማን ናቸው፣ ላሚቱን ማን ያልባል እያልን መድረሻ ብናሳጣቸው፣ መምህር አንድ ቀን እየሳቁ «በሉ እንግዲያው እናንተው ስም አውጡለት» አሉን።

አላምረው ዘሎ ተነሣ። «ዘበኛችን አባ ደስታ ይሁኑ! እሳቸው ከሆኑ መንገድ ጠፍቷቸው አይደለም፣ የሆነ ጥላ ሥር ተኝተው ነው የዘገዩት።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ብዙም የማልናገረው ልጅ፣ ሳላስበው፣ ቤታችን ውስጥ ከተጠራ ስንት ጊዜ የሆነውን ስም «ገረመው ይባል» ብዬ አወጣሁት። ትምህርት ቤት ያስገባኝ አያቴ ስለነበሩና በመዝገቡ ላይ በእሳቸው ስም ስለተጻፍኩ፣ መምህር አባቴ ማን እንደሚባል አያውቁም ነበር። ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ገረመው» ብለው በእርሳስ ጻፉ። ልጆቹ ግን ያውቁ ነበር፤ ሳቁ ቆመ፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ የምፈራውም የምናፍቀውም ቀን ሆነ። «ገረመው ወንዙን ተሻገረ» ሲሉ ልቤ ያርፋል፤ «ገረመው በሩን ሊነካ እጁን ዘረጋ፣ የነካው ጉም ነው» ሲሉ ፀጉሬ ይቆማል። ከክፍላችን በላይ ያለው ተራራ በኅዳር ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብስ ስለነበር፣ ወደዚያ ማየት ተውኩ።

በኅዳር መጨረሻ ዓርብ መምህር አነበቡ፤ ገረመው ንዳድ ይዞት አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ጀርባውን ግንዱ ላይ አሳረፈ፣ የበሩን መከፈት እየሰማ ሞተ። ጥሩዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ለቅሶ ጀመረች። እኔ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ስሙን ይመልሱልኝ።»

«የምኑን ስም?»

«የአባዬን።»

መምህር ፊታቸው አመድ ሆነ። «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ፣ ልጄ» አሉና ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ስሙን ካለበት ሁሉ እያሹ አጠፉት። «ይኸው ጠፋ» አሉኝ። ጠፍቶ ነበር፤ ግን ሁላችንም ሰምተነዋል። በዚያው ከሰዓት እሳቸው ደመወዛቸውን ሊቀበሉ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ።

ጥሩዬ ቤቷ ገብታ ለአያቷ የነገረችው ምን እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። «መምህር ከወረቀቱ ሲያነቡ ሰማሁ፣ ገረመው በንዳድ ሞተ» ነው ያለችው፤ ምንም አልጨመረችም። አሮጊቷ ከሁመራ ደብዳቤ መጣ ብለው ተረዱ፤ ሌላ ምን ይረዱ? በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፣ መርዶው ጎህ ሲቀድ ይነገራል፣ እስከዚያ ከሟች ቤት በቀር ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። መርዶ የሚያረዳም ማን ነገረህ ተብሎ አይጠየቅም።

ቅዳሜን መቼም አልረሳትም። ሰው ለእኛ እንዲህ ደግ የሆነበት ቀን አላየሁም። ከምንጭ ውኃ የሚቀዳልን፣ እንጨት አምጥቶ የሚያወርድልን፣ ራሴን ደባብሶኝ የሚያልፍ በዛ። እናቴ ስትደርስ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። አላምረው መንገድ ላይ አግኝቶኝ ብዩን ሁሉ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና ሮጠ። ማታ እናቴ «ዛሬስ ሰው ምን ነካው?» አለች። እኔ ምን እንደነካው የማውቅ መሰለኝና የአላምረውን ብይ ከመደቡ ሥር ደበቅሁት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ደጃችን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ አንድም የሚያስል አልነበረም። የንስሐ አባታችን ቄስ ምኒችል መቋሚያቸውን ይዘው ቀረቡና «የሻረግ ልጄ፣ ቁርጥሽን እወቂ» አሏት። ሌላው በጩኸት ተዋጠ። ሬሳ ስላልነበረ የአባቴን የክት ልብስ ከሣጥን አውጥተው አልጋ ላይ አጋደሙትና በላዩ አለቀሱ። ባዶው እጅጌ በነፋሱ ይነሣና ይወድቅ ነበር። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች። እኔ አላለቀስኩም፤ የገዛ አባቴን ዓርብ ከሰዓት በአፌ እንደገደልኩት አውቃለሁና ማልቀስ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

መምህር በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ እየሮጡ መጡ። ለቀስተኛው መካከል ቆመው «እኔ የፈጠርኩት ተረት ነው፣ ደብዳቤ የሚባል አልመጣም፣ ሰውየው አልሞተም» ብለው ማሉ። ለሁሉም ግን ለማጽናናት የሚሉት መሰላቸው።

«ካልሞተ ወዲህ በለዋ!» አለች እናቴ።

መምህር ደብተሩን አመጡ። ማንበብ የማይችሉት አያቴ ገጹን ወደ ብርሃኑ ገልብጠው ሲያዩ፣ በየመስመሩ ግራጫ ግራጫ የታሸ ነገር አገኙ።

«ይኼ የጠፋው ምንድን ነው?»

መምህር ይሁኔ መዋሸት አያውቁም ነበር። «የገረመው ስም ነው» አሉ። ጩኸቱ እንደ አዲስ ተነሣ።

ያ ወር በሕይወቴ ረጅሙ ነው። ቄስ ምኒችል በቅዳሴ ስሙን ከሕያዋን ጋር ያንሡት ከሙታን ጋር ተቸግረው ዝም አሉ። እናቴ አንድ ቀን ለአርባው እህል ታሰጣለች፣ በማግስቱ መልሳ ጎታ ትከታለች። ገና መጣ፣ ሄደ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው በገበያው መንገድ መጣ፤ ቀጥኗል፣ ጢሙ አድጓል። ያዩት ሴቶች ቅርጫታቸውን ጥለው ሮጡ። እሱም ምን ሆኑ ብሎ እየተገረመ ደጃችን ደረሰ። እናቴ በተላጨ ራሷ በሩ ላይ ቆማ «አትግባ» አለችው፣ በለሆሳስ። ቄስ ምኒችል ተጠርተው ጸበል እስኪረጩትና ከዚያው እስኪያጠጡት ድረስ አባቴ የገዛ ደጁ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ ቆየ። ጸበሉን ሲውጥ እናቴ ጉሮሮውን ታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው አንገቱ ላይ የወደቀችው።

አባቴን በኅዳር ንዳድ ጥሎት ነበር። ጓደኞቹ አይተርፍም ብለው ዛፍ ሥር ትተውት ወደ ሌላ እርሻ ሲያልፉ፣ አንድ ከብት ጠባቂ ወተት እያጠጣ አሻረው። የምን ዛፍ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ የተለቀሰበትን ልብስ ግን ዳግም አልለበሰም፣ መንደርተኛውም ስሙን መጥራት እየተወ «የየሻረግ ባል» ይለው ጀመር። መምህር ይሁኔ ያን ደብተር ሲያነቡ አልሰማንም፤ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። እኔም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በአንድ ክረምት፣ ዝናብ አስጠልሎን ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት።

«እዚያ ዛፍ ሥር» አለኝ፣ «በስሜ የሚጠራኝ ነበር። ልተኛ ስል ይጠራኛል። አንተ ነበርክ?»

እኔ ዝናቡን አየሁ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የአማርኛ መጽሐፏን እምድጃው ዳር ጮክ ብላ ታነባለች። ከታሪኩ ግርጌ ጥያቄ አለ፤ ዋናው ሰውዬ ማን ነው፣ ለምን ሞተ፤ ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት አንዱን ትከብና ደብተሯን ዘግታ ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለች። ጥሩ ነው፤ ትምህርት እንዲህ መሆን አለበት ይሆናል፣ እኔ የማውቀው የለም። ብቻ ስታነብ ሰውየው ሊታመም ሲል ድምፄን ሳላሰማ እነሣና ደጅ እወጣለሁ። እሷም ለምዳዋለች፤ ትንሽ ቆይታ በበሩ ብቅ ትልና «አባባ፣ አልቋል፤ ይግቡ» ትለኛለች።