ወንድሜ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የተመዘገበ ዕለት

ታላቅ ወንድሜ ከኮሶዬ ወደ ጎንደር የመጣው ሊሰናበተኝ ነበር። ሰኞ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርድ ቆርጧል። በቀደመው ዓመት ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ሚስቱና እኔ አንድ ወር አስታመምነው። ሃምሳን አልፏል። ሁለተኛ ወባ እንደማይምረው እሱም ያውቃል። ግን መሬቱ ለልጆቹ ተከፋፍሎ አልቋል። በአብነት ትምህርት ቤት አድጎ ብራና ይጽፍ፣ መጻሕፍትን ቆዳ አልብሶ በጋለ ብረት ሐረግ ያትም ነበር። መጻሕፍቱ ከማተሚያ ቤት መምጣት ሲጀምሩ የሚጠራው ጠፋ።

«አያ፣ መተማ ሳይወረድ እስኪ አዘዞ እንድረስ፤ የሥራ ፈላጊዎች መመዝገቢያ አለ» አልኩት።

ጽሕፈት ቤቱን አውቀዋለሁ። መንግሥት ለወጣቶች መሥሪያ ያሠራቸው ሼዶች ተቆልፈው ሲቀመጡ ዘግቤያለሁ፤ ሲከፈቱም ዘግቤያለሁ። ጋዜጠኛ ለዘመዱ አማላጅ ሲሆን ስለማልወድ፣ አፌን ላልከፍት ወስኜ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ተራው ደርሶ ቀረበ።

«አያ፣ ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?» አለችው መዝጋቢዋ፣ ወጣት ሴት ናት።

«ኧረ እኔ ክፍል አልገባሁም ልጄ።»

«ሙያስ? ምን ያውቃሉ?»

«ምን አውቃለሁ ብለሽ።»

ከንፈሬን ነከስኩ። በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው «አውቃለሁ» አይልም፤ ነውር ነው። ልጅቷ ግን የሰማችውን ጻፈች፦ ያልተማረ፤ ሙያ የለውም። እንዲህ የተጻፈለት ሰው የሚላከው ድንጋይ ወደሚሸከሙት ነው። ወንድሜ ደግሞ ለዚያ ከሆነ መተማ ይሻላል ባይ ነው።

ከኋላው የቆመ ጎረምሳ «አባት፣ ቶሎ በሉ እንጂ፤ እኛ እኮ ዲግሪ ይዘን ነው የቆምነው» ሲል ሰልፉ ሳቀ።

ወንድሜ ዞር ብሎ «በደንብ ያዘው ልጄ፣ እንዳይወድቅብህ» አለው። ሰልፉ ይበልጥ ሳቀ፤ ጎረምሳውም አብሮ።

መዝጋቢዋ የአሻራውን ቀለም አስጠጋችለት። «አውራ ጣትዎን እዚህ።»

«እስክሪብቶ የለሽም?»

ሰጠችው። ስሙን በቁም ጽሕፈት፣ እንደ ብራና ላይ እያንዳንዷን ፊደል ቀጥ አድርጎ አቆማት። ብዙ ቆየ። ማንም አላጣደፈውም። እሷ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ አየችው። የቄስ ልጅ መሆኗን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ምነው የኔታ! ያልተማረ ብዬ ስጽፍ ዝም ይላሉ?»

«የመንግሥት ወረቀት አይደል፤ ምን አግብቶኝ?»

አዲስ ቅጽ አወጣች። ጥያቄዋን ግን ቀየረችው። «መምህርዎ ማን ነበሩ? እሳቸው ምን ምን ያውቁ ነበር?»

ስለ ራሱ ሁለት ቃል ያልወጣው ሰው ስለ መምህሩ ሲጠየቅ ፊቱ በራ። የፍየል ቆዳ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቀዩ ቆዳ ሳይጨማደድ በመጽሐፉ ሽፋን እንጨት ላይ እንዴት እንደሚሳብ፣ መጽሐፍ ተከትቶ በሚነገትበት የቆዳ ማኅደር ላይ ስፌቱ በየት በኩል እንደሚሸሸግ፣ መምህሩ ያውቁ የነበረውን ሁሉ ዘረዘረ። እሷም ያንን ሁሉ በእሱ ስም ጻፈችው።

ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው ሼድ የተደራጁ ወጣቶች የቆዳ ቦርሳ ይሠራሉ። መንግሥት ሼዱንና የስፌት ማሽን ሰጥቷቸዋል፤ የቆዳ አያያዝ የሚያውቅ ግን አልነበራቸውም። መዝጋቢዋ ስልክ ደወለችላቸው። ከወዲያ «ኧረ አሁኑኑ ይምጡ!» ሲባል እኔም ከአግዳሚው ሰማሁት።

ያን ጊዜ ተነሥቼ «እግዜር ይስጥሽ፤ ወንድሜ ነው» አልኳት።

«ወንድምዎ ሆኖ ነው ዝም ብለው የተቀመጡ?» አለችና ተረኛውን ጠራች።

በሥራ ዘመኔ ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት የጻፍኩት አብዛኛው ስላልተሠራው ነው፤ አሁንም እጽፋለሁ። የተሠራውንም መመዝገብ ይገባኛል። ሼዱ ባይከፈት፣ ማሽኑ ባይገባ፣ እዚያ ወንበር ላይ ጥያቄዋን መቀየር የምትችል ሰው ባትቀመጥ ወንድሜን ሰኞ እሸኘው ነበር።

ደጅ ወጥቼ ኮሶዬ ላለችው ሚስቱ ደወልኩላት።

«መተማ መውረዱ ቀረ» አልኳት።

«እስኪ ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩላት።